እናታችን በካሴል አልሞተችም

ወንድሜ ዛፕርያን በአፉ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። የሚዋሸው በራሱ ነው፤ አንገቱ ላይ በተቀመጠው፣ አሁን መሀሉ በተመለጠው ራሱ።

እኛ ቡልጋሮች ዘንድ ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ አዎ ማለቱ ነው፤ ወደ ላይ ቀና ካደረገው ደግሞ አይ ማለቱ ነው። ጀርመኖች ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግራና ቀኝ የወዘወዘ ሰው እምቢ ብሏል። ዛፕርያን ጀርመን አገር ዓመታት ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ሲመለስ ሁለቱንም ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ስትጠይቀው አፉን አይከፍትም። ራሱን ያንቀሳቅሳል፤ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ የነቀነቅኩት በጀርመንኛ ነው ይላል። ካልተበላሸ በቡልጋርኛ ነበር ማለት ነው።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ጊዜ ሠራተኛ ጠራህ ወይ አልኩት፤ ወዘወዘ። ሦስት ቀን ሙሉ ባልዲ እየለዋወጥኩ ማንም ያልጠራውን የቧንቧ ሠራተኛ ጠበቅኩ። ዶሮዎቹን አበላሃቸው አልኩት፤ ወዘወዘ። ማታ ከሥራ ስመለስ ዶሮዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ተቀበሉኝ። በራስ የማይመለስ ጥያቄ ካመጣህበት ደግሞ፣ ለምሳሌ የት ነበርክ ካልከው፣ "እንግዲህ…" ይልና በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እዚያ መስኮት ላይ ምን እንደሚታይ ለማወቅ አንድ ቀን እኔም ቆሜ አየሁ። የጎረቤት ግድግዳ ነው።

ለጥቅሙ ብሎ የሚዋሽ ሰው ይገባኛል። ፈርቶ የሚዋሽም ይገባኛል። ወንድሜ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ በውሸቱ አትርፎ አያውቅም፣ የሚፈራው ሰውም የለውም። እሱ የሚፈልገው ፊቱ የቆመው ሰው ለሦስት ደቂቃ ደስ እንዲለው ብቻ ነው። አራተኛው ደቂቃ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኔ።

እኔ ገኖቬቫ እባላለሁ፤ የሚቀርቡኝ ጌና ይሉኛል። ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን ማዘጋጃ ቤት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ያዥ ነኝ። ሥራው ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ፊደል ስቼ አላውቅም። ሰዎች እከሌ የሞተው በስንት ዓመቱ ነው፣ የነእከሌ የመጀመሪያ ልጅ ከሠርጉ በስንት ወሩ ተወለደ እያሉ ሲከራከሩ "ጌናን ጠይቁ" ይባባላሉ። እኔ ካልኩ አለቀ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት ነው። ወደ ኋላ የሚመጣው የሚያኮራ ስላልሆነ አሁን ልኩራ።

ከሁሉም በላይ የምታምነኝ ኩና ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምለብሰው ቀሚስ ሁሉ በሷ እጅ የተሰፋ ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ስሙን መዝገብ ላይ ሳሰፍር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንባዋን ይዛ ቆይታ፣ ጽፌ ብዕሩን ሳስቀምጥ፣ አንቺ ከጻፍሽው እንግዲህ እውነት ነው አለችና አለቀሰች። እኔ ባል አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም። ያሉኝ አንድ ወንድምና አንዲት ኩና ነበሩ።

እናም ወንድሜ ኩናን ሊያገባ ተነሣ። ለሌላ ሰው ይህ የምሥራች ነው። እኔ ግን ካሴል የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ ሃይድሩን የምትባል ሚስት እንዳለችው አውቃለሁ።

ሃይድሩን የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ረጅም፣ ጠፍጣፋ ጫማ የምታደርግ፣ የነገሯትን ሁሉ የምታምን ሴት ናት። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአገሯ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ፤ እኔም ሄጄ ምስክር ሆኜ ፈርሜአለሁ። ውጭ አገር ያገባ ሰው ጋብቻውን አምጥቶ እኛ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። ዛፕርያን አላስመዘገበም። ለማንም እንዳልናገርም ለመነኝ፤ ራሱ በጊዜው ሊያበሥር ነው አሉ። ስለዚህ በኔ መዝገብ ወንድሜ ያላገባ ወንድ ነው። መዝገቡ አልዋሸም፣ ያልተነገረውን ከየት አምጥቶ ይጽፋል ብዬ ራሴን አሳምኜ ዓመታት ሙሉ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

እናታችን የሞተችው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ነው። ዛፕርያን እናቴ ታማለች ብሎ ከካሴል መጣ፤ ቀበራት፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ በሳምንቱ ተመለሰ። እቤቱ ሲደርስ ሃይድሩን እማማ ተሻላቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። ራሱን አንቀሳቀሰ። በየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሃይድሩን ግን የተሻላቸው ሆኖ ገባት። ደስም አላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተመቸው። የሞተች እናት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታስመጣህ፤ የታመመች እናት በየዓመቱ ታስመጣለች።

ሃይድሩን በየገናው ካርድ ትልካለች። ትምህርት ቤት ሳለሁ ጀርመንኛ ተምሬ ስለነበር መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ካርዷ ላይ እማማ እንዴት ናቸው ብላ ጻፈች። ለዛፕርያን ደውዬ ምን ልበላት አልኩት። ዝም አለ። ስልኩን ይዞ ራሱን እየነቀነቀ እንደነበር አልጠራጠርም። ተናደድኩና፣ ካርዱም መላክ ስላለበት፣ እማማ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል ብዬ ጻፍኩ። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የዋሸሁት።

በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱስ ተባልኩ። ጀምሬ ነበርና መልስ መስጠት ነበረብኝ። በሦስተኛው ዓመት እናቴን የዓይን ሞራ አስገፈፍኳት። በአራተኛው ግራጫ ድመት ሰጠኋት፤ ድመቷንም ማርጋሪታ አልኳት። እናቴ ድመት ባየች ቁጥር መጥረጊያ የምታነሣ ሴት ነበረች፤ በካሴል ግን ማርጋሪታ የታመመው ጉልበቷ ላይ እየተኛች ታሞቅላት ነበር። እውነቱን ልናገርና መጻፉ ደስ ይለኝ ጀመር። አንዳንዴም ብዕሬን አስቀምጬ አለቅስ ነበር። እናቴ ትናፍቀኝ ነበር፤ ሌላ የማኖርበት ቦታ ሳጣ በጀርመንኛ አኖርኳት።

የግቢያችን በር ላይ ደግሞ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ የሞት ማስታወቂያዋ ተለጥፏል። ፎቶዋ አለ፣ ዙሪያው ጥቁር መስመር ነው፣ ከሥሩ መጀመሪያ "ያለ አንቺ አንድ ዓመት" ይል ነበር። በየታኅሣሡ አሮጌውን አንሥቼ አዲሱን እለጥፋለሁ፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ እንዲያ እያለ እስከ ስድስት ደርሷል። የገና ካርዱም የሚጻፈው በዚያው ሳምንት ነው። በሩ ላይ ማስታወቂያውን አጣብቄ፣ ሙጫውን ከጣቴ ታጥቤ ገብቼ፣ እማማ ዘንድሮ በረንዳው ላይ ያለ ምርኩዝ ወጣች ብዬ እጽፋለሁ። ይህን እያደረግሁ ወንድሜን ውሸታም እያልኩ እሰድበው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ዛፕርያን የእማማን ጉልበት ሊያስታምም ለሁለት ሳምንት መጣና በዚያው ቀረ። ሃይድሩን አልከፋባትም። እናቱን የሚያስታምም ባል ስላላት ትኮራ እንደነበር ከካርዷ ላይ አንብቤአለሁ።

ባለፈው መስከረም ኩና የጣሪያዋን አሸንዳ እንዲጠግንላት ጠራችው። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አፉን በምስማር ሞልቶ ይመታል፤ እሷ ከታች መሰላሉን ይዛለች። ሁለታችንም ብቻችንን ነን፣ ለምን አንጋባም አለችው። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች፣ እንደ ልጃገረድ ጉንጯ እየቀላ ነበር። አፉ በምስማር ስለተሞላ መናገር አልቻለም፤ ራሱን ግን ግራና ቀኝ ወዘወዘላት። ኩና እኛ ዘንድ ነው ያደገችው፤ አዎ ብሎ ገባት። በሁለተኛው ቀን ከተማው በሙሉ ሰማ።

እቤት ሲመጣ ያዝኩት። እውነት አዎ ብለሃታል ወይ አልኩት።

"እትዬ፣ ዝንብ ነበር" አለኝ።

"ምን ዝንብ?"

"ጆሮዬ ላይ ያረፈ። እጄን መዶሻ ይዞታል፣ በምን ላባርረው?"

"ታዲያ ለምን አትነግራትም?"

"ደስ ብሏታል እኮ" አለና በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ኩና ቤቷን ለሴት ልጇ አስረከበች፤ ልጅቷ መንታ አርግዛ ነበርና ቦታ ያስፈልጋታል። ጨርቋን፣ መቀሷን፣ የስፌት መኪናዋን በካርቶን አሰናድታ ወደኛ ግቢ ለመግባት ተዘጋጀች። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም፤ ምክንያቱንም ላዙረው አልፈልግም። ኩና ከኔ ጋር በአንድ ግቢ ልትኖር መሆኑ አስደስቶኛል። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት መስኮቷን ስትከፍት ላያት ነው። ብነግራት አጣታለሁ፤ ሳልነግራት ሌላ ሰው ቢነግራት ለዘለዓለም አጣታለሁ። ይህን እያወቅሁ፣ ከፋሲካ በፊት እነግራታለሁ እያልኩ ክረምቱን አሳለፍኩ። ፋሲካም መጣ፣ እንደ ልማዳችን ቀይ የተቀባ እንቁላል አጋጨን፣ ሳይሰበር ያሸነፈው የሷ ሆነ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ሠርጉ ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ተቆረጠ። በሠርጉ ሳምንት ሰኞ ዕለት ሁለቱ ቢሮዬ መጥተው የጋብቻ ማመልከቻቸውን ሞሉ። ፎርሙ ላይ "ያልፈረሰ ሌላ ጋብቻ የለኝም" የሚል መስመር አለ። ዛፕርያን ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያየኝ አስተያየት ነው፤ የሰበረውን ጠርሙስ ከኋላው ሆኜ እንድጠርግለት ሲፈልግ የሚያየኝ። ዓይኔን ወደ ማኅተሜ መለስኩ። ፈረመ።

ኩናም ፈረመች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብላ፣ እየቀለደች ይሁን ከልቧ ባልለየሁት ድምፅ፣ "ጌና፣ ይኼ ዝምተኛ ከጀርመን የሆነ ጉድ ጎትቶ አላመጣብኝም አይደል?" አለችኝ።

"መዝገቡ ላይ ምንም የለም" አልኳት።

ቃል በቃል እውነት ነበር። አሁንም መዝገቡን ብትከፍቱት ምንም የለበትም። ኩና፣ አንቺ ካልሽ በቃ ብላ ጉንጬን ሳመችኝና የሠርግ ቀሚሷን ልትጨርስ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ለምሳ ወደ ቤቴ ስመለስ በሩ ላይ ረጅም ሴት ሻንጣ አጠገቧ አቁማ ቆማለች። ጠፍጣፋ ጫማዋን ከሩቅ አወቅሁት። ባለፈው ገና፣ በጽሑፌ ሙቀት ተወስጄ፣ እማማ በግንቦት ሰማንያ ዓመቷን ታከብራለች ብዬ ጽፌ ነበር። ሃይድሩን ለልደቱ ሳትነግረን መጥታለች፤ ልታስደስተን። በአንድ እጇ የጉልበት ማሞቂያ ሱፍና ቅባት የያዘ ከረጢት ይዛለች። በሌላው እጇ የጨርቅ አይጥ ይዛለች፤ ለማርጋሪታ።

አቀፈችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የእናቴን ፎቶ አየችና፣ ይህን ለልደታቸው ነው የለጠፋችሁት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፊደላችንን ማንበብ አትችልም።

"አዎ፣ ለልደቷ ነው" አልኩ። የወንድሜ ራስ እንኳ እንደዚያ አይፈጥንም።

እንዴት ያለ ጥሩ ባህል ነው አለች። ከፎቶው በላይ ያለው መስቀልስ አለች፤ አማኝ ናት አልኩ። ይህ ስድስት ቁጥርስ ምንድን ነው አለች፤ ግብዣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው አልኩ። ጥቁሩን መስመር ስትጠይቀኝ የምመልሰውን እያሰናዳሁ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ቀለም አልነበረውም ልላት ነበር። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ለማስታወሻ ላንሣው አለችና ስልኳን አውጥታ ወደ በሩ ደገነችው።

ስልክ የባዕድ ጽሑፍ አንብቦ ወደ ራስ ቋንቋ እንደሚመልስ አላውቅም ነበር። ብዙ ቆየች። ስልኩን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ያለ አንቺ ስድስት ዓመት፤ ሁልጊዜ እናስብሻለን፤ ልጆችሽ ገኖቬቫና ዛፕርያን። ስልኩን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችና ወደኔ ዞረች።

"ጉልበታቸውስ?" አለችኝ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቴ ጉልበት ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም። ሃይድሩን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ የጨርቅ አይጡን ጭኗ ላይ አደረገችና ማልቀስ ጀመረች። ለእናቴ ነበር የምታለቅሰው። ከኔና ከወንድሜ በቀር እንደዚያ ያለቀሰላት ሰው አላየሁም፤ ያውም ለስድስት ዓመት የዘገየ እንባ።

ኩና የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ለሠርጉ ሊጋገር የታሰበውን ባለ አይብ ቂጣ፣ ባኒትሳ፣ አስቀድመን እንድንቀምሰው በትሪ ይዛ መጥታለች። ማን ናት፣ ምን ሆናለች አለችኝ። ሁለቱ አንድ ቃል አይግባቡም፤ በመካከላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከጀርመን የመጣች የዛፕርያን ሰው ናት፣ የእናታችንን መሞት አሁን ሰምታ ነው አልኳት። ይህም ቃል በቃል እውነት ነበር። ኩና ምስኪን አለችና አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር። ባኒትሳውን ቆርሳ በእጇ ሰጠቻት። ሃይድሩን እያለቀሰች በላች፤ ይህች ደግ ሴት ማን ናት አለችኝ፤ ጎረቤት ናት አልኳት።

ወንድሜ ከፀጉር አስተካካይ ሲመለስ ያገኘው ይህን ነው። የሠርግ ልብሱን ከልብስ ማጠቢያ ቤት አውጥቶ በመስቀያው እንዳለ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎታል። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሊመለስ አሰበ፤ እግሩ ሲያስብ አየሁት።

ሃይድሩን ተነሣች። በጀርመንኛ፣ ከዚህ ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ ወይ አለችው። ኩናም በዚያው ቅጽበት፣ የተባለው ስላልገባት፣ እንግዳዋን ቅዳሜ ሠርጋችን ላይ እንጥራት አይደል አለችው።

ዛፕርያን ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ሃይድሩን ሌላ የተደበቀ የለም ብሎ ገባት፤ ትንፋሿ ተመለሰ። ኩና እንጥራት ብሎ ገባት፤ ፊቷ በራ። አንድ ውዝዋዜ ነው፤ ሁለት ሴት አስደሰተ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ አደነቅሁት። የዕድሜ ልክ ልምዱ ለዚያች ደቂቃ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ሦስት ደቂቃውን አገኘ።

ኩና ግን ደስ ሲላት ዝም ማለት አትችልም። ጀርመንኛ ስለማታውቅ በእጇ ትናገር ጀመር። ዛፕርያንን ጠቆመች፣ ራሷን ጠቆመች፣ የተንጠለጠለውን ልብስ ነካች፣ ወገቧን ይዛ ሁለት እርምጃ ጨፈረች። በመጨረሻም ባዶውን የቀለበት ጣቷን አንሥታ አሳየቻት።

ሃይድሩን የኩናን ጣት አየች። ልብሱን አየች። ከዚያ የራሷን ቀኝ እጅ አንሥታ፣ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አዞረችና ወደ ዛፕርያን ጠቆመች። ኩና አልገባትም፤ ወይም እንዳይገባት ፈለገች። ሃይድሩን ከቦርሳዋ ትንሽ ፎቶ አውጥታ ሰጠቻት።

እንዳስተረጉም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዛፕርያን "እንግዲህ…" አለ። መስኮት ስላጣ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ኩና ፎቶውን ወደ ራሷ አዙራ ይዛ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ቀና ስትል ያየችው እሱን አይደለም፤ እኔን ነው።

"ጌና፣ ታውቂ ነበር?"

"አሁን ነው የሰማሁት" አልኳት።

ፎቶውን ገልብጣ አሳየችኝ። ሃይድሩን አበባ ይዛለች፤ ዛፕርያን ከረባት አስሮ ይስቃል፤ በጎናቸው እኔ አለሁ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ እጄን በሙሽራዋ ክንድ ውስጥ አስገብቼ።

"ይኼን ቀሚስ የሰፋሁልሽ እኔ ነኝ" አለች ኩና። "ለሶፊያው ስልጠና ብለሽኝ። አንገቱን ሁለቴ አስፈታሽኝ፣ አለቆች ይመጣሉ እያልሽ።"

ቀሚሱን ረስቼው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይረሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይረሳል። ከተማው ሁሉ በሚያምነው አፌ፣ በቀጥታ፣ ያለ መዝገብና ያለ ቃል በቃል፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት፤ ሲወጣም አልከበደኝም። ወንድሜ ቢያንስ ያፍራል፤ ፊቱን ያዞራል። እኔ ፊቴን እንኳ አላዞርኩም።

ኩና አልጮኸችም። ትሪዋን በጨርቁ ሸፈነች። የሃይድሩንን ሻንጣ በአንድ እጇ አነሣች፣ በሌላው ክንዷን ያዘችና መንገዱን አቋርጣ፣ ለልጇ ወዳስረከበችው ቤት ይዛት ሄደች። ሃይድሩንም ልጅ ይመስል ተከተለቻት። በዚያ ቤት ውስጥ ለሁለት እንግዳ የሚበቃ ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ኩና ራሷ ያን ሌሊት ካርቶኖቿ መሀል እንደተኛች ልጇ ኋላ ነግራኛለች።

እኛ ሁለታችን በሩ ላይ ቀረን። ዛፕርያን ልብሱን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "ተቆጡ እንዴ፣ እትዬ?" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልለው የነበረውን ስድብ ሁሉ ፈለግሁ። የሚመጣልኝ ስድብ ሁሉ ለኔም የሚስማማ ሆነብኝ። የጨርቅ አይጡን ከአግዳሚው ላይ አንሥቼ ገባሁ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ኩና ማዘጋጃ ቤት መጥታ እንደማንኛውም ሰው ቁጥር ይዛ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ጀርባ በእጄ ጠራኋት፤ እንዳላየች ሆነች። ከፊቷ አንድ ልደትና ሁለት የመኖሪያ ማረጋገጫ ነበሩ። ሦስቱን ስጨርስ ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አንዱን ደግሜ ጻፍኩት። ተራዋ ሲደርስ መጣችና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ቆመች።

"ወይዘሪት ገኖቬቫ፣ የጋብቻ ማመልከቻዬን ላነሣ ነው የመጣሁት። እባክዎ ፎርሙን ይስጡኝ።"

እርስዎ አለችኝ። በሰባት ዓመታችን ጠመኔ ከተካፈልንበት ቀን ጀምሮ በዚያ አፍ እርስዎ ተብዬ አላውቅም። ኩና አልኳት። ፊቷ ላይ ንዴት ብፈልግ አጣሁ፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ባለጉዳይ ፊት ነበር። ፎርሙን አወጣሁ። ስሟንና የተወለደችበትን ቀን ሳልጠይቃት ሞላሁ። የመጨረሻው መስመር ማመልከቻው የተነሣበት ምክንያት የሚል ነው።

"ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት።

"የሚያውቁትን ይጻፉ።"

ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም የሚያውቀኝ ሰው ነው። የማውቀው በሁለት መስመር ያልቃል። ኩና ከላይ ሆና እጄን ትመለከታለች፤ እውነቱ ቢጻፍ እሷን የሚያዋርድ አልነበረም፤ የሚያዋርደው ሌላ ሰው ነበር። ይህን ተረድቼ፣ በቂ ጊዜ አግኝቼ፣ በተለመደው ንጹሕ ጽሑፌ "በግል ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ቀን አደረግሁበት፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ።

ወረቀቱን አዙሬ ገፋሁላት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እስከ መጨረሻው በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የራሷን ስም ሳይቀር ፊደል በፊደል አየችው።

"ቅጂውን ይስጡኝ" አለች። "ማኅተም ያለበት።"

ዋናው እዚሁ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅጂ አያስፈልግም፣ ሰውም ቅጂ ጠይቆ አያውቅም አልኳት። እጇን ዘረጋች። ተነሥቼ ማባዣው ላይ አባዝቼ፣ ማኅተም መትቼ አመጣሁላት። ከዋናው ጎን አድርጋ ሁለቱን አስተያየች፤ ከዚያ ቅጂውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለቀጣዩ ሰው ቦታ ለቀቀች።